ከጎንደር እስከ ላሊበላ በአየር፤ ርቀቱ ስንት ነው? ጊዜውስ?



«ከጎንደር እስከ ላሊበላ ምን ያህል ይርቃል?» ተብለው ሦስት ሰዎች ቢጠየቁ፥ ሦስቱም የተለያየ መልስ ይሰጣሉ። የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ ርቀትን የሚለካው በማደሪያ ስለ ነበር፥ መልሱ «ይህን ያህል ሌሊት አድረህ ትደርሳለህ» የሚል ነበር። የአውቶቡስ ነጂው የመኪናውን ቈጣሪ ተመልክቶ «360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው» ይላል። የአይሮፕላን ነጂው ደግሞ ካርታውን ዘርግቶ «180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል» ሲል ይመልሳል። ከሦስቱ አንዳቸውም አልዋሹም፤ እያንዳንዳቸው የተናገሩት ስለየራሳቸው መንገድ ነው።

ዛሬ ልንመለከተው ያሰብነው ጉዳይ ይኸው ነው፤ ከዋናው ከተማ ርቀው በሚገኙ በሁለት የአይሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት እንዴት ይለካል? ጊዜውስ እንዴት ይታሰባል? ነገሩ ለዕውቀት ያህል ብቻ የሚጠና አይደለም። ኑሮው በጎንደር፥ የተወለደበት ቤት ግን በላሊበላ የሆነ አንድ ሰው እንውሰድ። አንድ ቀን ማታ «እናትህ በጠና ታማለችና ቶሎ ድረስ» የሚል ቃል በስልክ ይደርሰዋል። በእጁ ያለው ገንዘብ ለአንድ መሄጃ ብቻ የሚበቃ ነው፤ አንድ ጊዜ ከመረጠ በኋላ ተመልሶ ሊያርመው አይችልም። ታዲያ በሌሊት ተነሥቶ በአውቶቡስ ይሂድ ወይስ የአይሮፕላን ቲኬት ይቍረጥ? «አይሮፕላን ግማሽ ሰዓት፥ አውቶቡስ ሙሉ ቀን» ብሎ በችኮላ ቢወስን ምናልባት ሊሳሳት ይችላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ወደዚህ ሰው በኋላ እንመለሳለን፤ አስቀድመን ግን መለኪያዎቻችንን እናዘጋጅ።

በመጀመሪያ ርቀቱን እንለካ። የምድራችን ዙሪያ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጂኦግራፊ ሊቃውንት ይህን ክብ በ360 ዲግሪ ስለሚከፍሉት፥ 40 ሺውን ለ360 ብናካፍለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ይደርሰዋል። ስለዚህ ከደቡብ ወደ ሰሜን አንድ ዲግሪ የተጓዘ ሰው 111 ኪሎ ሜትር ሄዷል ማለት ነው። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ለሚሄደው ግን ነገሩ ጥቂት ይለያል። የኬንትሮስ መሥመሮች ከምድር ወገብ ወደ ዋልታ በሄዱ መጠን እየተቀራረቡ ስለሚመጡ፥ በጎንደርና በላሊበላ አካባቢ የአንድ ዲግሪ ስፋት 109 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

የጎንደር አይሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ12.52 ዲግሪ ኬክሮስና በ37.43 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ነው። የላሊበላው ደግሞ በ11.98 ዲግሪ ኬክሮስና በ38.98 ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ላሊበላ ከጎንደር ወደ ደቡብ በ0.54 ዲግሪ፥ ማለት በ60 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ወደ ምሥራቅ ደግሞ በ1.55 ዲግሪ፥ ማለት በ169 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

አሁን በትምህርት ቤት የተማርነውን የፒታጎራስን ደንብ እናስታውስ። 60ን በ60 ብናበዛ 3,600፤ 169ን በ169 ብናበዛ 28,561 ይሆናል። ሁለቱን ብንደምር 32,161 እናገኛለን። ይህን ቍጥር የሚሰጠን፥ በራሱ ሲበዛ፥ 179 ከጥቂት ክፍልፋይ ነው። እንግዲህ የአይሮፕላን ነጂው «180 ኪሎ ሜትር ያህል» ያለው ከዚህ የተገኘ ነው። ምድር ክብ በመሆኗ ቀጥታው መሥመር በእውነቱ ቀስት መሆን ይገባው ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ባለው አጭር ርቀት ላይ ልዩነቱ ከቍጥር የማይገባ ነው። ባሕር ተሻግረው ወደ ሌላ ክፍለ ዓለም ለሚበሩት ግን ይህ ጕብጠት ትልቅ ዋጋ አለው።

አይሮፕላን ነጂዎች በኪሎ ሜትር ፈንታ የባሕር ማይል በሚባለው መለኪያ ይጠቀማሉ። አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው። ይህ ቍጥር በዘፈቀደ የተወሰነ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ዲግሪ በ60 ደቂቃ ሲከፈል የአንዱ ደቂቃ ርዝመት ይኸው ነው። ስለዚህ ነጂው በካርታው ላይ ያለውን የዲግሪ ደቂቃ ሲቈጥር ማይሉንም መቍጠሩ ነው። በዚህ መለኪያ ከጎንደር እስከ ላሊበላ 97 ማይል ያህል ይሆናል። በሰዓት አንድ የባሕር ማይል መጓዝም አንድ ኖት ይባላል።

ከዚህ ቀጥሎ «የመኪናው መንገድ ስለ ምን በእጥፍ ረዘመ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። መልሱን የሚሰጠን የምድሩ አቀማመጥ ነው። መኪናው ከጎንደር ተነሥቶ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ደቡብ ነው፤ የጣናን ሐይቅ በስተ ቀኙ ትቶ አዲስ ዘመንን አልፎ ወረታ ይደርሳል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ደጋውን ይወጣል፤ ጋሸና ሲደርስ እንደገና ወደ ሰሜን ታጥፎ ወደ ላሊበላ ያቀናል። ይኸውም አንድ ሰው ከቤቱ ወደ ጎረቤቱ ለመሄድ አጥሩን ዙሮ በዋናው በር እንደ መግባት ነው። ቀጥታው መሥመር ግን በበለሳ ቈላና በተከዜ ሸለቆ ላይ ያልፋል። ሸለቆው ለእግረኛና ለመኪና ትልቅ መሰናክል ሲሆን፥ ለአይሮፕላን ግን ከበታቹ የሚታይ ዕይታ ብቻ ነው። በአገራችን የአየር መንገድ ጥቅም ጐልቶ የሚታየውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሜዳ በሆነ አገር የመኪና መንገድና የአየር መንገድ ርዝመታቸው ይቀራረባል፥ በተራራማ አገር ግን ይራራቃሉ።

ርቀቱን እንዲህ ካወቅን ወደ ጊዜው እንለፍ። በአገር ውስጥ በረራ ላይ የምናየው ዳሽ 8 ኪው 400 የሚባለው ባለ ሁለት ፕሮፔለር አይሮፕላን በሰዓት እስከ 660 ኪሎ ሜትር ያህል ሊበር ይችላል። 180ን ለ660 ብናካፍል 16 ደቂቃ ከጥቂት ሰኮንድ ብቻ ይወጣል። ታዲያ ነጂው «ግማሽ ሰዓት» ያለው ስለ ምንድር ነው? ቀሪው ጊዜ ወዴት ሄደ?

ምሥጢሩ አይሮፕላኑ ያን ፍጥነት የሚያገኘው በመካከለኛው የጉዞው ክፍል ብቻ መሆኑ ነው። ሁለቱም ማረፊያዎች ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ነገር ግን በአካባቢው ከ4,000 ሜትር የሚበልጡ ተራሮች አሉ፤ በደብረ ታቦር በኩል ጉና፥ በላሊበላ አጠገብ አቡነ ዮሴፍ ይገኛሉ። አይሮፕላኑ ከእነዚህ ሁሉ በላይ በበቂ ርቀት ሆኖ እንዲበር ቢያንስ 3,000 ሜትር ያህል ወደ ላይ መውጣት አለበት እንበል። በደቂቃ 400 ወይም 500 ሜትር ቢወጣ ሰባት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ በመውጣት ላይ ሳለም ፍጥነቱ ከሙሉው ያነሰ ነው። ሲወርድ ደግሞ እንደ ድንጋይ አይወድቅም፤ ተሳፋሪው ሳይጨነቅ፥ መሣሪያውም ሳይጐዳ እንዲወርድ ሦስት ዲግሪ ያህል ዘቅዘቅ ባለ መንገድ ቀስ ብሎ ይወርዳል። በዚህ መጠን 3,000 ሜትር ለመውረድ 57 ኪሎ ሜትር የሚያህል መንገድ ይፈልጋል። የመውጫውም 45 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን፥ ከ180ው ኪሎ ሜትር ከ100 የሚበልጠው በመውጣትና በመውረድ ያልቃል ማለት ነው። በሙሉ ፍጥነት የሚበረው በቀረው ላይ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ በምድር ላይ የሚያልፈው ጊዜ ይጨመራል። አይሮፕላኑ ከቆመበት ተነሥቶ እስከ መንደርደሪያው ጫፍ በጎማው ይሄዳል፤ ካረፈም በኋላ እንደዚሁ ወደ መቆሚያው ይመለሳል። ደግሞም አይሮፕላን የሚነሣውም የሚያርፈውም ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ስለ ሆነ፥ ነፋሱ ከሚሄድበት አቅጣጫ የተለየ እንደ ሆነ ዞሮ ለመመለስ ጥቂት ደቂቃዎች ያጠፋል። በጉዞ ፕሮግራም ላይ የሚታተመው ጊዜ እንግዲህ በአየር ላይ የሚያልፈው ብቻ አይደለም፤ ከጎማው ሥር ታኮው ከተነሣበት ደቂቃ ጀምሮ በመድረሻው ታኮው እስኪገባ ድረስ ያለው ሁሉ ነው። ይህ ሁሉ ሲደመር ግማሽ ሰዓት መሆኑ አያስደንቅም።

«ነፋስስ?» ትሉ ይሆናል። ነፋስ በረጅም በረራ ላይ ብዙ ያደርጋል፤ በአጭሩ ላይ ግን ሥራው ትንሽ ነው። አይሮፕላኑ በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ሲበር በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊቱ ቢገጥመው 180 ኪሎ ሜትሩን በ24 ደቂቃ፥ ከኋላው ቢገፋው ደግሞ በ20 ደቂቃ ያህል ይጨርሳል። ልዩነቱ አራት ደቂቃ ብቻ ነው።

ከነፋስ ይልቅ በደጋው አገር ላይ የሚያስቸግረው የአየሩ መሳሳት ነው። በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት እጅ አራት እጅ ያህል ብቻ ነው። ክንፉን ወደ ላይ የሚያነሣው አየር እንደ መሆኑ፥ አየሩ ሲሳሳ አይሮፕላኑ ለመነሣት የበለጠ መንደርደርና ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል። ቀኑ ሲሞቅ አየሩ የባሰ ይሳሳል። የደጋ ማረፊያዎች በጠዋት ቢሠሩ የሚመረጠው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በክረምትም ጭጋግና ደመና ተራራውን ሲሸፍኑት አይሮፕላኑ እስኪገለጥለት ድረስ በአየር ላይ ሲዞር ይቈያል፤ ካልተገለጠለትም ወደ ሌላ ማረፊያ ይሄዳል። ስለዚህ በፕሮግራም ላይ የተጻፈው ጊዜ ሁሉ ደኅና ቀን ሲሆን የሚፈጸም ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሰን ዘመንን ከዘመን እናነጻጽር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ የመጀመሪያውን የንግድ በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው በዚያው ዓመት በመጋቢት 30 ቀን ነው። በዚያን ጊዜ የነበሩት አይሮፕላኖች ከጦርነቱ የተረፉ ዳግላስ ሲ 47 የሚባሉ ነበሩ። የእነርሱ ፍጥነት በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር ብንል፥ 180 ኪሎ ሜትሩን በ40 ደቂቃ ይጨርሱ ነበር ማለት ነው። አየር መንገዱ ኪው 400 የተባለውን አይሮፕላን የተረከበው በ2002 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 64 ዓመት አልፏል፤ ፍጥነቱም ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ይሁን እንጂ በዚህ አጭር መሥመር ላይ ለመንገደኛው የተረፈለት ጊዜ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚህ አንድ ትልቅ ትምህርት እናገኛለን፤ መንገዱ አጭር በሆነ መጠን የአይሮፕላኑ ፍጥነት የሚሠራው ሥራ ያንሳል፤ በምድር ላይ የሚጠፋው ጊዜ ግን ዋና ይሆናል። በማረፊያው ያለውን ጥበቃ በግማሽ ሰዓት ያሳጠረ ሹም፥ ለመንገደኛው ከአዲስ አይሮፕላን የበለጠ ስጦታ ሰጥቶታል ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ወደዚያ እናቱ ወደ ታመመችበት ሰው እንመለስ። የእርሱ ጉዞ የሚጀምረው ከቤቱ ደጃፍ ነው፥ የሚፈጸመውም በእናቱ አልጋ አጠገብ ነው። ስለዚህ ጊዜውን ከደጃፍ እስከ ደጃፍ መቍጠር አለበት።

መጀመሪያ ከጎንደር በቀጥታ ወደ ላሊበላ የሚሄድ አይሮፕላን አለ እንበል። የጎንደር ማረፊያ ከከተማው በስተ ደቡብ በአዘዞ በኩል ስለ ሆነ፥ ከቤቱ እስከዚያ ግማሽ ሰዓት ይፍጅበት። ለፍተሻና ለምዝገባ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ይድረስ። በረራው ግማሽ ሰዓት ነው። ሲወርድ ዕቃውን ለመቀበል ሌላ ግማሽ ሰዓት ይቈይ። የላሊበላ ማረፊያ ከከተማው በታች፥ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል፤ ከተማው ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለ ሆነ መንገዱ ዳገት ነው፤ ለእርሱም ሦስት ሩብ ሰዓት እንስጠው። ይህ ሁሉ ሲደመር አራት ሰዓት ከሩብ ይሆናል። ግማሽ ሰዓት ተብሎ የተነገረው በረራ ከጠቅላላው ከስምንት እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

ሁለተኛ፥ በቀጥታ የሚሄድ አይሮፕላን በዚያን ቀን የለም፤ ያለው በአዲስ አበባ በኩል ብቻ ነው እንበል። ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ በቀጥታ መሥመር 420 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ላሊበላ ደግሞ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 750 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ። 180 ኪሎ ሜትር ለማትርቅ እናቱ ሲል ከአራት እጥፍ የሚበልጥ መንገድ ሊበር ነው። ለእያንዳንዱ በረራ አንድ አንድ ሰዓት፥ በአዲስ አበባ ለመጠበቅ ሁለት ሰዓት ብንሰጠውና የቀረውን እንደ ቀድሞው ብናስብ፥ ድምሩ ሰባት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ይመጣል። ይህም የሚሆነው ሁለቱ በረራዎች ተስማምተው ሲገናኙለት ነው፤ ካልተገናኙ በመካከል ማደር ይመጣል።

ሦስተኛ፥ በመኪና ይሂድ እንበል። 360 ኪሎ ሜትሩን በዳገቱና በጠመዝማዛው ምክንያት በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሄድ ስምንት ሰዓት ይፈጅበታል። በመንገድ ለምሳ ቢያርፍ ጥቂት ይጨምራል። ነገር ግን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ቢነሣ ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ይደርሳል።

አሁን ሦስቱን አነጻጽሩ። ቀጥታ የሚሄደው አይሮፕላን ጊዜውን በግማሽ ያህል ያሳጥርለታል፤ «ግማሽ ሰዓትና ሙሉ ቀን» የተባለው ልዩነት ግን የለም። በአዲስ አበባ በኩል የሚዞረው አይሮፕላን ደግሞ ከመኪናው ጋር እኩል ያህል ነው፤ የሚበልጠው በዋጋውና በድካሙ ማነስ ነው እንጂ በፍጥነቱ አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ይህ ሰው የተጠራው ሰኞ ማታ ሆኖ የሚቀጥለው በረራ ሐሙስ ጠዋት ቢሆን፥ ያ ፈጣን አይሮፕላን ማክሰኞ ሌሊት ከሚነሣው አውቶቡስ በሁለት ቀን ይዘገያል። መንገደኛን የሚያዘገየው ብዙ ጊዜ በአየር ላይ ያለው ጊዜ ሳይሆን አይሮፕላኑ እስኪነሣ የሚጠበቀው ጊዜ ነው።

ባለፉት ዓመታት ባሕር ዳርን፥ ጎንደርን፥ ላሊበላንና አክሱምን በአንድ ገመድ የሚያያይዝ የበረራ መሥመር ነበረ፤ ጐብኝዎችም ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይዘዋወሩ ነበር። ይሁን እንጂ የበረራ ፕሮግራም እንደ መንገደኛው ብዛትና እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል፤ አምና የነበረው ዘንድሮ ላይኖር ይችላል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ በነበረው ጦርነት ጊዜ የላሊበላ በረራ ተቋርጦ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምትም በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ወደ ጎንደርና ወደ ላሊበላ የሚደረገው በረራ ለጊዜው ቆሞ ነበር። በምድር ያለው መንገድ እንደሚዘጋ ሁሉ በአየር ያለውም ይዘጋል። ስለዚህ ከመነሣት አስቀድሞ የዕለቱን ሁኔታ መጠየቅ የብልህ ሰው ሥራ ነው።

ከዚህም ሌላ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የሰዓቱ አቈጣጠር ነው። በአይሮፕላን ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት በእኛ አቈጣጠር አይደለም። 07:00 ተብሎ የተጻፈው ጠዋት 1 ሰዓት ነው፤ 13:00 የተባለው ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። 07:00 የሚለውን አይቶ «7 ሰዓት ነው» በማለት ምሳውን በልቶ የመጣ ሰው፥ አይሮፕላኑ ከስድስት ሰዓት በፊት ሄዶ ያገኘዋል። ግማሽ ሰዓት ለማትሞላ በረራ ስድስት ሰዓት መዘግየት እንዴት ያሳዝናል! ቀኑም እንደዚሁ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው የሚጻፈው።

በዚህ መሥመር ላይ የቀኑ ነገር በተለይ በበዓል ጊዜ ይከብዳል። በላሊበላ የልደት በዓል በታላቅ ሥነ ሥርዓት የሚከበረው ታኅሣሥ 29 ቀን ነው፤ በዚያን ዕለት ማለዳ በቤተ ማርያም «ቤዛ ኵሉ» የሚባለው ዝማሬ ይሰማል። በጎንደር ደግሞ የጥምቀት በዓል ጥር 11 ቀን በአፄ ፋሲል መዋኛ ይከበራል። በሁለቱ መካከል ያለው 12 ቀን ብቻ ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ልደት ታኅሣሥ 28 ቀን ስለሚውል 13 ቀን ይሆናል። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ከአንዱ በዓል ወደ ሌላው የሚሻገረው ሕዝብ እጅግ ብዙ ስለ ሆነ፥ ቦታውን አስቀድሞ ያልያዘ ሰው በአይሮፕላኑም በአውቶቡሱም ላይ ወንበር ማግኘት ይቸግረዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው፥ በዋዜማው የሚደረግ ዝግጅት ብዙ አይጠቅምም። ዝማሬውም ማለዳ ያልፋል፤ አርፍዶ ለደረሰ መንገደኛ ተመልሶ አይጀመርለትም።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፥ ከእንግዲህ ወዲህ «በአይሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁ በዚህ ብቻ አትወሰኑ። ሦስት ጥያቄዎችን ጨምሩበት። አንደኛ፥ አይሮፕላኑ የሚሄደው በቀጥታ ነው ወይስ በሌላ ከተማ ዞሮ? ሁለተኛ፥ የሚነሣው በየትኛው ቀንና በየትኛው ሰዓት ነው፥ ሰዓቱስ በማን አቈጣጠር ነው? ሦስተኛ፥ ከቤቴ እስከ ማረፊያው፥ ከማረፊያውም እስከምሄድበት ቤት ምን ያህል ይፈጃል? እነዚህን ሦስቱን የመለሰ ሰው እውነተኛውን ርቀት ዐወቀ ይባላል።

ያ በጎንደር የሚኖረው ሰውም ማታውኑ እነዚህን ጥያቄዎች ቢጠይቅ፥ በማግሥቱ ጠዋት በቀጥታ የሚሄድ በረራ ካገኘ በእርሱ ይሂድ፤ እናቱን እኩለ ቀን ሳይሆን ያያታል። ካላገኘ ግን መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርቶ በሌሊቱ አውቶቡስ ይሳፈር፤ በአውቶቡስ በመሄዱም ዘገየሁ ብሎ አይዘን። 180 ኪሎ ሜትርና ግማሽ ሰዓት የአይሮፕላኑ መለኪያ ነው፤ የሰው መለኪያ ግን ከተነሣበት ደጃፍ እስከሚጠብቀው ሰው ድረስ ያለው ነው።

መንገዳችሁን የቀና ያድርግላችሁ።